እትዬ ዘነበች የተኙበት ቅዳሜ

ሰው ካንኮራፋ ደህና ተኝቷል ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ሳታቋርጡ አንብቡልኝ። እኔም እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ማንኮራፋት የሚጎዳው ጎረቤትን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሙያዬ ማስተማር ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ነገርን ከሥሩ ጀምሬ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ተማሪዎቼ "ሚስ ያልተጠየቀችውንም ትመልሳለች" እያሉ ያሙኛል፤ ሐሜቱ እውነት ስለሆነ አልቀየማቸውም። ያን ጊዜ ገና መቀጠሬ ነበር። ትምህርት ቤቱ መርካቶ ውስጥ ስለሆነ በእግሬ የምመላለስበት ቤት ሳፈላልግ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ሲከፈት ታስነጥሳለች። ሰፈሩን ለማታውቁት፣ እዚያ አየሩ ራሱ በርበሬ ነው።

እትዬ ዘነበች በርበሬ በጅምላ ይሸጣሉ። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሱቁን ከምንም አንስተው ያቆሙ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። በሠርግ ላይ ቢራ ሲቀርብላቸው በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ለስላሳ ያስመጣሉ። መጠጥ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ማኅበርተኞቻቸው ለልጆቻቸው ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሷቸው እሳቸውን ነው። ልጃቸው ሰናይት አብራቸው ትሠራለች። እኔና እሷ እኩያ ስለሆንን ቶሎ ተግባባን።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ላይ ነውና። ዛላ በርበሬ ከጆንያ ሲገለበጥ ደቃቅ ብናኝ ይነሳል። ብናኙ አፍንጫ ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሱት የዋሉ ሰዎች ማታ ሲያስሉ መስማት ያሳዝናል። በእትዬ ዘነበች ተራ የሚነግዱ አንዳንድ ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው። ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት፣ ማር የገባበት አረቄ ያስቀምጣሉ። ሱቅ ሲዘጉ አንድ መለኪያ ይወስዳሉ። አዎ፣ "እንወስዳለን" ነው የሚሉት፤ "እንጠጣለን" የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እትዬ ዘነበችም ከሥራ ሲገቡ ነጠላቸውን እያራገፉ "ሰናይት፣ የጉሮሮዬን አምጪልኝ" ይላሉ። ሰናይት ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ትቀዳላቸዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ነገር የሚመደበው ከሽሮፕ ጋር ነው።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እትዬ ዘነበች እንቅልፍ አጡ። ሌሊት ግቢው ውስጥ ሲመላለሱ እሰማ ነበር። ውሃ ይቀዳሉ፣ በር ይፈትሻሉ፣ ምንም ያልሆነ ጆንያ ይነካካሉ። ሰናይት ለምና ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ማታ ሊተኙ ሲሉ አንድ። መጠጥ ይጠጡ እንደሆነም ጠይቋቸው ነበር። እሳቸው ሊቆጡ ምንም አልቀራቸው። "እኔ? መጠጥ? በስመ አብ!" ብለውታል። ሲመለሱ ሰናይት ይህን እየሳቀች ስትነግረኝ እኔም ሳቅሁ። የሐኪሙ ጥያቄ እንደ ስድብ የሚቆጠርባቸው ሴት መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አልዋሹትም፤ እሳቸው በሚያውቁት ልክ የተናገሩት እውነት ነበር። አደጋው የተደበቀው እዚህ ላይ ነው።

ያ ቅዳሜ የባለቤታቸው ሙት ዓመት ዋዜማ ነበር። እሑድ ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍረው አገር ቤት ሊገቡ፣ ዘመድ ሊሰበሰብ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። ቅዳሜ ግን ገበያው የሚደራበት ቀን ነው። ጠዋት አዲስ ጭነት ገባ፤ እሳቸውም "ጭነት በሰው እጅ አላስራግፍም" ብለው ሱቅ ዋሉ። ከምሳ በኋላ ዓይናቸው ቀልቶ፣ እያሳሉ ገቡ። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ።

"ቲቸር፣ ይሄ ጭነት አልነበረም፤ እሳት ነው ያወረዱብኝ" አሉኝ።

"አፍና አፍንጫዎን በነጠላ ይሸፍኑ አላልኩዎትም?"

"ተሸፍኜ እንዴት ልጩህባቸው?"

በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው የጉሮሯቸውን ወሰዱ። ሳሉ። ደገሙ። አሁንም ሳሉ። "ዛሬስ እምቢ አለኝ" ብለው ሦስተኛውን ራሳቸው ቀዱ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ተነሱና "ትንሽ ጋደም ልበል፤ ሌሊት እንደሆነ አልተኛ፣ ነገ ደግሞ መንገድ ነው" ብለው ገቡ። ኪኒኑን የዋጡት ከዚያ በኋላ፣ ክፍላቸው ውስጥ ነው። ያን ያየ ሰው የለም።

ብዙም አልቆየ፣ ሰናይት በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ፊቷ በርቷል።

"ተኝታለች!" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ማን?"

"እማዬ! በቀን! እያንኮራፋች!"

እንባዋ መጣ። እኔም እጄን ከሳሙናው አውጥቼ አቀፍኳት። እንዲህ ያለ ዜና በዚያ ግቢ ከሰማን ወራት አልፈዋል።

ወዲያው ግቢውን የማረጋጋት ዘመቻ ተጀመረ። ጋሼ ከድር የሚባሉ ጎረቤት አሉን፤ ቅመማ ቅመም ነጋዴ ናቸው፣ የሟቹ የልብ ወዳጅ ነበሩ፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ሰናይት ሄዳ ነገረቻቸው። ሬዲዮናቸውን አጠፉ። ከዚያ ወጥተው ጆንያ የሚያራግፉትን ተሸካሚዎች "ቀስ በሉ፣ ዘነበች ተኝታለች!" ብለው ተቆጡ። ቁጣው ራሱ ማንንም የሚቀሰቅስ ነበር።

"ጋሼ፣ ጆንያ በሹክሹክታ አይወርድም" አላቸው አንዱ።

"አንተ ከፈለግህ ይወርዳል!"

ተሸካሚዎቹ እየሳቁ ጆንያውን እንደ ሕፃን እያቀፉ ማውረድ ጀመሩ። መርካቶ ውስጥ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ሰዎች ለአንዲት ሴት እንቅልፍ ብለው በቀስታ ሲሠሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሁላችንም አንዲትን ሴት ለሞት እየተጠነቀቅንላት ነበር።

ልብሱን አስጥቼ ክፍሌ ገባሁ። የእኔ አልጋ ራስጌና የእትዬ ዘነበች አልጋ ራስጌ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። የተማሪ ደብተር ማረም ጀመርኩ። ማንኮራፋቱ ይሰማል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ልብ አልኩት። ድምፁ ደረቅ አልነበረም፤ ውሃ በቀጭን ቱቦ ሲያልፍ እንደሚንቦጫረቅ ያለ ነበር። ደግሞ ይቆማል። ሲቆም እርማቴን አቆማለሁ። ሲመለስ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜ ቆመና ዘገየ። እኔ ሳላስበው ተንፍሼ፣ ደግሜ ተንፍሼ፣ ሦስተኛውንም ጨርሼ ነበር እሳቸው አንዱን የሳቡት።

ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ሰናይት በእናቷ ክፍል በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለነገ የሚያዙትን ዕቃ እያጠፈች ነበር። ልገባ ስል እጇን ዘረጋች።

"ቲቸር፣ እባክሽ። እንዳትቀሰቅሻት።"

"ላያቸው ብቻ ነው።"

"ታዪያለሽ፣ ከዚያ ታስረጃታለሽ፣ ከዚያ ትነቃለች። አውቅሻለሁ።"

"ሰናይት፣ አተነፋፈሳቸው ልክ አይደለም።"

"ደክሟት ነው! ስንት ወር ያልተኛ ሰው ነው! አንዴ ብትተኛ..." ድምፁ ከውስጥ ሲቆም እሷም ቆመች። ሁለታችንም አዳመጥን። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ እንደ መታነቅ ያለ ድምፅ መጣ። ሰናይት እጇን ከበሩ ላይ አነሳች።

በጀርባቸው ተኝተዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል። ጠራኋቸው። "እትዬ ዘነበች!" አልኩ በማስተምርበት ድምፄ። ምንም። ትከሻቸውን ነቀነቅሁ። ምንም። በመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና እንደተማርኩት ጣቶቼን አጥፌ የደረታቸውን መሐል አጥንት ጫን አድርጌ አሸሁት፤ የተኛ ሰው ይህን አይታገስም፣ እጁን ያወናጭፋል። እሳቸው በጥቂቱ ብቻ አቃሰቱ፤ ዓይናቸው አልተከፈተም። ከንፈራቸውን ገልበጥ አድርጌ ውስጡን አየሁ። ቀይ መሆን የነበረበት አመድማ ሆኗል።

የኪኒኑ ማሸጊያ ትራሱ ሥር ነበር። ሰናይት አነሳችውና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ትናንት ማታ ይሄን ያህል አልጎደለም ነበር። ዛሬ ከአንድ በላይ ነው የወሰደችው።"

"ያውም በአረቄው ላይ" አልኳት።

"የቱ አረቄ?"

እውነቴን ነው፣ ይህን ብላ ጠየቀችኝ። በገዛ እጇ የምትቀዳው ልጅ። የገባት ትንሽ ቆይቶ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ነው የሆነው። እኔ ግን ላስረዳችሁ ስለምፈልግ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። መጀመሪያ እትዬ ዘነበችን በጎናቸው አዞርኳቸው፤ የላይኛውን ጉልበት አጥፌ፣ ፊታቸውን ወደ ታች ዘንበል አድርጌ። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ከተኛ ምላሱ የአየር መንገዱን ይዘጋዋል፤ ቢያስመልሰውም ወደ ሳንባው ይገባል። ሲዞሩ ያ የሚንቦጫረቀው ድምፅ ቀነሰ። ሰናይት አምቡላንስ ደወለች። የመለሰላት ሰው ደግ ነበር፤ መኪናው ግን በቅዳሜ ገበያ በርበሬ በረንዳ ውስጥ እንደማይገባ ነግሮ "አስፋልቱ ድረስ አውጡልን" አላት።

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ግቢውን ሞላው። ሁሉም መድኃኒት ያውቃል።

"ወተት አጠጧት፣ ወተት መርዝ ይሰብራል!"

"ሎሚ! ሎሚ ጨምቁባት!"

"ጣት አስገብታችሁ አስመልሷት እንጂ!"

አንዲት ጎረቤት እውነትም ወተት በኩባያ ይዛ ወደ አልጋው ቀረበች። ኩባያውን ያዝኩባት።

"ምንም ነገር ወደ አፋቸው አይገባም" አልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ስምንት ወልጃለሁ!"

"የስምንቱም እናት ይኑሩልኝ። መዋጥ አይችሉም፤ ወተቱ የሚገባው ሳንባቸው ውስጥ ነው።"

ተቀይማ ሄደች። በዚያ ቀን የተቀየመችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች፤ የመጨረሻዋ አልነበረችም።

ጋሼ ከድር በሩ ላይ ቆመው አንዴ ወደ ውስጥ አዩና ምንም ሳይጠይቁ ወጡ። ሲመለሱ ጋሪ አስይዘው ነው፤ ያ ጆንያ የሚጫንበት፣ በሰው የሚገፋ ጠፍጣፋ ጋሪ። የሚገፉት ቅድም በሹክሹክታ ያወርዱ የነበሩት ተሸካሚዎች ናቸው። የሰናይትን ፍራሽ አነጠፍንበት፣ እትዬ ዘነበችን በጎናቸው አስተኛን፣ እኔ ከራስጌያቸው ጋሪው ላይ ወጥቼ ተንበረከክሁ። ጋሼ ከድር ከፊት ሆኑ።

"መንገድ! መንገድ ልቀቁ!"

የቅዳሜ መርካቶ መንገድ አይለቅም። የጭነት መኪና ተገትሯል፣ ሴቶች ዛላ በርበሬ መሬት ላይ ዘርግተዋል፣ ከጎጃም በረንዳ በኩል የሚመጡ ጋሪዎች ከእኛ ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ።

"እናንተም ጭነት፣ እኛም ጭነት! እናንተን ምን ለየ?" አለ ከፊት ያለው ጋሪ ገፊ።

"ሰው ነው የጫንነው!" ጮኸ የእኛው።

ሰውየው ዘንበል ብሎ አየ። ጋሪውን ከነጭነቱ ወደ ኋላ መለሰና ከኋላው ያሉትን መሳደብ ጀመረ። መንገዱ ተከፈተ።

መሐል ላይ የተዘረጋ ጆንያ ጎማውን ያዘውና ቆምን። ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች መተንፈስ አቆሙ።

እጄ ደረታቸው ላይ ስለነበረ አወቅሁ። እየጠበቅሁ ነበር፤ ቀጣዩ አልመጣም። ሰናይት ከጋሪው ጎን እየሮጠች የእናቷን እግር ይዛለች፤ የሆነውን አላወቀችም። እኔ ግን ለፍርሃት ጊዜ አልሰጠሁትም። የማውቀውን አደረግሁ። አገጫቸውን ወደ ላይ አንስቼ አንገታቸውን ወደ ኋላ አቃናሁ፤ በሌላው እጄ ደረታቸውን አሸሁና ጆሯቸው ሥር "እትዬ ዘነበች! ይተንፍሱ! ይተንፍሱልኝ!" ብዬ ጮኽሁ። አጠገባችን በርበሬ የምትለካ ሴትዮ መለኪያዋን ጣለች። ተሸካሚዎቹ ጆንያውን ከጎማው ነቀሉት። አንድ ጊዜ፣ ረጅም፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዳ ያለ ትንፋሽ ገባ። ከዚያ ሌላ።

"ሂዱ!" አልኩ። አገጫቸውን እስከ አስፋልቱ አልለቀቅሁም።

አምቡላንሱ ቆሞ ይጠብቃል። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ የኦክስጅን ጭምብሉን እያደረገች ነበር የምትጠይቀው። ዙሪያችንን የሱቅ ጎረቤት፣ ደንበኛ፣ አላፊ አግዳሚ ከቦናል። ከእትዬ ዘነበች ማኅበርተኞች ሁለቱ ሳይቀሩ እዚያው ነበሩ።

"ምን ወስደዋል?"

ሰናይት ማሸጊያውን ሰጠቻት።

"ሌላ መድኃኒት? መጠጥ ጠጥተዋል?"

"እናቴ አትጠጣም" አለች ሰናይት።

ወደ እሷ ዞርኩ። ዓይኗን ሰበረች፤ ግን አልደገመችም፣ አላረመችምም። ገባኝ። ማኅበርተኞቹ ቆመዋል፤ የእናቷ ስም እዚያ አስፋልት ላይ፣ በሕዝብ ፊት ተዘርግቷል። ያቺ ልጅ እናቷን እየሸፈነች ነበር።

"ጠጥተዋል" አልኩ። "አረቄ፣ ሦስት መለኪያ፣ ከምሳ በኋላ። ኪኒኑን የወሰዱት በላዩ ላይ ነው፤ ከታዘዘላቸውም አስበልጠዋል።"

አንድ ማጉረምረም በሰዉ መሐል አለፈ። ሰናይት እጄን ያዘችኝ፤ ሊሰብረኝ በሚችል አያያዝ።

"እናቴን ሰካራም ልታደርጊያት ነው?"

"ልጄ፣ እውነቷን ነው" አሉ ጋሼ ከድር ቀስ ብለው። "ለጉሮሮዋ ነው የምትወስደው። ግን አረቄ ነው። እኔ ለስንት ዓመት በግድግዳ ማዶ ሲሸተኝ የኖረ ነው።"

ባለሙያዋ ማንንም አልወቀሰችም። "ጥሩ፣ ይህን ማወቅ ነበረብን" ብላ በስልኳ ለሆስፒታሉ እየነገረች በሩን ዘጋች። እኔንና ሰናይትን አብራ ወሰደችን። በመንገድ ላይ ሰናይት አላናገረችኝም፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

ሆስፒታል እንደደረስን ወደ ውስጥ አስገቧቸውና እኛን ኮሪደር ላይ አስቀሩን። መጠበቅ እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ስለሆነ አላብራራውም። የተረኛው ሐኪም ሲወጣ ቀድሞ የጠየቀው "ስለ አረቄው የነገረችው ማን ናት?" ብሎ ነው። እጄን አወጣሁ፣ እንደ ተማሪ።

"ጥሩ አደረግሽ" አለኝ። "የመድኃኒቱን ብቻ ብናውቅ ኖሮ ትንሽ ቆይተው ይነቃሉ ብለን ልንዘናጋ እንችል ነበር። አሁን ግን ለአፍታም ሳንለይ እየተከታተልናቸው ነው። አተነፋፈሳቸውን እያገዝን ነው።"

"እኔ አልገባኝም" አለች ሰናይት። "ኪኒኑን ስንት ሌሊት ወስዳለች፣ ምንም አልሆነችም። የጉሮሮዋንም ዕድሜ ልኳን ወስዳለች፣ ምንም አልሆነችም።"

ሐኪሙ ተቀመጠ። ቆሞ ሊመልስ ይችል ነበር፤ ተቀመጠ። ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

"መድኃኒቱ አንጎልን ያረጋጋል" አላት። "አልኮልም አንጎልን ያደነዝዛል። ለየብቻ ሲሆኑ ሰውነት ይችላቸዋል። ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉልበት ያበረታል፤ እስከ ዛሬ መጠናቸው ትንሽ ስለነበረ አልፏቸዋል፣ ዛሬ ግን ሁለቱም በዙ። አንጎል ተኝተንም ቢሆን 'ተንፍስ' እያለ ያዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ ያ ትእዛዝ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይቀራል። ጉሮሮም ይልፈሰፈሳል። ያ የሰማችሁት ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም፤ አየር መንገድ አጥቶ ሲታገል ነው።"

"እኛ'ኮ ደስ ብሎን..." አለችና መጨረስ አቃታት።

ሲመሽ ገደማ ጠሩን። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ከፍተዋል። ጭምብሉን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ በተሰባበረ ድምፅ፣ ለልጃቸው ያሏት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፦

"ሰናይት... አውቶቡሱ አመለጠን?"

ሰናይት አልጋው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር ማንም አላየኝም።

አውቶቡሱ አመለጣቸው። የባለቤታቸው ሙት ዓመት እሳቸው በሌሉበት ወጣ። ሆስፒታል ጥቂት ቀን ቆይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ደግሞ ያ አስፋልት ላይ የተባለው ነገር ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። ያቺ የወተቷ ጎረቤት ሳትቀር "ለካስ" ማለት ጀምራለች። እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ ሰሙ። እኔን ማናገር ተዉ። ስወጣ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ስገባ በራቸውን ይዘጋሉ። ከግድግዳው ማዶ ግን በየጠዋቱ ሰናይት ላይ ሲጮኹ፣ ተሸካሚ ሲቆጡ፣ በስልክ ከአቅራቢ ጋር ሲከራከሩ እሰማ ነበር። ተኝቼ እያዳመጥኩ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አስተማሪ ነኝና ጥቂት ልበል። እኛ ሰዎች "ይጠጣሉ?" ስንባል የምንመልሰው ስለ ስማችን እንጂ ስለ ጉበታችን አይደለም። ለጉንፋን የምንወስደው፣ ለሆድ ቁርጠት የምንቀምሰው፣ በማኅበር ቀን የማንመልሰው ጽዋ፣ ምሳ ላይ የምትቀርብ ጠላ፣ እነዚህን ሁሉ ሳንቆጥራቸው "አልጠጣም" እንላለን። ሰውነታችን ግን ማር ገባበት፣ ነጭ ሽንኩርት ገባበት፣ ቄስ ባረከው ብሎ አይለይም። ስለዚህ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳ፣ በቤታችሁ ባለው ስሙ ንገሩት። "ለጉሮሮዬ ይህን እወስዳለሁ" በሉት። ጤና ባለሙያ ከሆናችሁ ደግሞ "ይጠጣሉ?" ብላችሁ አትለፉ፤ "ለጉሮሮስ? ለጉንፋንስ?" ብላችሁ ጨምሩበት። "ጠዋት ጠጥቼ ማታ ብውጠውስ?" የሚለውንም በግምት አትመልሱት፤ እንደ መጠኑና እንደ ሰዉ ይለያያል፣ የሚያውቀው ያዘዘላችሁ ሰው ነው። ኪኒኑ ዘገየ ብላችሁ አትድገሙ። ስትወስዱት የቆያችሁትን ደግሞ ይህን አንብባችሁ ደንግጣችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ያም የራሱ አደጋ አለው። የተኛ ሰው ስትጠሩት ካልመለሰ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ከንፈሩ ከገረጣ፣ አልተኛም። እንዲያርፍ አትተዉት።

ተማሪዎቼንም ይህን አስተማርኳቸው። በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የመተንፈሻ አካላት ትምህርት ላይ ሳልጠየቅ ጨመርኩት።

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘነበች ናቸው። ነጠላቸውን አልጣሉም፤ ከሱቅ ቀጥታ ነው የመጡት።

"እንዴት ነሽ?" አሉኝ። ቲቸር አላሉኝም።

"ደህና ነኝ እትዬ። ይግቡ።"

ቆመው ቀሩ። "ሌላ ቤት እየፈለግሽ ነው ብለው ነገሩኝ።"

"ተቆጥተውኛል ብዬ ነው።"

"ተቆጥቻለሁ! ምን አለ ብለሽ ነው የማልቆጣው? በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት! ማኅበርተኞቼ ቆመው! አረቄ ብለሽ! ያቺን የአምቡላንሷን ልጅ ጠጋ ብለሽ በጆሮዋ ብትነግሪያትስ?"

"በጆሮዋ ለመንገር ጊዜ አልነበረም።"

"ሠላሳ ዓመት ስም የጠበቅሁበት ሰፈር ነው!"

"አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ስምዎ ብቻ ቢተርፍ ኖሮ ሰናይት ምን ታደርገው ነበር?"

ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ወዳለው አልጋቸው።

"ይቆጡኝ እትዬ" አልኳቸው። "ሃያ ዓመት ይቆጡኝ። የሚቆጣ ሰው ይተነፍሳል።"

ሊስቁ ሲሉ ሳላቸው መጣባቸው፤ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሳይፈቀድላቸው ተቀመጡ።

"ሃያ ዓመት በኔ ግቢ? ማን ፈቀደልሽ?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "በይ አስረጂኝ። ያ ሐኪም ሲያስረዳ ግማሹን ተኝቼ ነው የሰማሁት። የተራው ሰዎች ደግሞ እየመጡ ይጠይቁኛል፤ አላውቅም ስል ያፍሩብኛል።"

ወንበሬን ሳብኩ፤ ከአንጎል ጀመርኩ። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ተቆጡኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ደስ አለኝ።